ከዋልታ የመጣው ብልቃጥ

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ወገቤ ነው። «ወገብሽ እንዴት ነው፣ አስናቀች? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?» ወገቤም ጉልበቴም ደኅና ናቸው፣ ጌታ ይመስገን። ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ወለል ሳጸዳ የኖርኩ ይመስላቸዋል። ጽዳት ነውር ኖሮት አይደለም፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው አልብሼ ወደ ዋልታ ስሰድ፣ ከዋልታ ሲመለስ ደግሞ ስቀበል የኖርኩ ሴት ነኝ። እኔ ራሴ ከኦስሎ ወጥቼ አላውቅም፤ ዋልታው ነው በየኪሱ እየሆነ ወደኔ ሲመጣ የኖረው።

አዲስ አበባ ሳለሁ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የወታደር ካፖርት እሰፋ ነበር። ኦስሎ ስመጣ መጀመሪያ የገባሁት አንድ ሆቴል ልብስ እጥበት ክፍል ነው። አለቃዬ አንሶላ እንጂ ሰው የማይቆጥር ሰውዬ ነበር። ሁለት ዓመት ቻልኩትና ወደ አንድ ሆስፒታል ልብስ እጥበት ተዛወርኩ። እዚያ ደግሞ ሁሉን ማሽኑ ስለሚሠራው የኔ ድርሻ ቁልፍ መጫን ሆነ። ያን ያህል ዘመን መርፌ የያዘ እጅ ቁልፍ ሲጫን ይዋል? ደሜ ይፈላ ነበር። ከዚያ ኮሙኑ፣ ማለት የከተማው አስተዳደር የላከልኝን አንድ ክምር ወረቀት ሞልቼ፣ «ልብስ መጠገን የሚችል ሰው እንፈልጋለን» ወዳለ ቦታ ሄድኩ።

ቦታው ከሊንደሩድ የገበያ ማዕከል ወረድ ብሎ፣ በአንድ ዓሣ አከፋፋይና በአንድ ጎማ ቤት መሃል የተሰነቀረ መጋዘን ነው። በመርከብ ወደ ስቫልባርድ ደሴቶች፣ ከዚያም አልፈው ወደ በረዶው ባሕር ለሚጓዙ መንገደኞች ጃኬት፣ ሱሪና ቦት ጫማ ያከራያል። የቤቱ ባለቤት ቤሪት ትባላለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን በራሷ መቀስ የምትቆርጥ ሴት ናት፤ አንዱ ጎን ሁልጊዜ ያጥራል። ወረቀቴን አላየችውም። አንድ ቀይ ጃኬት ወረወረችልኝና «ምን ሆኗል?» አለችኝ። ገለበጥኩት፤ ስፌቱን ከእጅጌ ጀምሬ በጣቴ ተከተልኩት። «በብብቱ በኩል ንፋስ ይገባል» አልኳት። ከውስጥ ስፌቱን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ተላቆ ነበር። «ሰኞ ነይ» አለችኝ። ከዚያ ቀን እስከ ጡረታዬ ድረስ ያንን መጋዘን ጥዬ አልወጣሁም።

እኛ ሚሌኒየም ባከበርንበት ዓመት አካባቢ የዋልታ ጉዞ ፋሽን ሆነ። ጡረተኛው፣ ሐኪሙ፣ ሙሽራው ሁሉ የበረዶ ድብ ካላየሁ ብሎ ተነሣ። ሰዎቹ ገንዘብ እንጂ ብርድ አያውቁም። እኔ ነኝ የማስተምራቸው። ቦት ጫማ ሲለኩ ወፍራሙን የሱፍ ካልሲ አስለብሼ፣ ውስጡ ጣታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አደርጋለሁ፤ ጣት ካልተንቀሳቀሰ ደም አይሄድም፣ ደም ካልሄደ እግሩ በድን ነው። ጃኬቱን አልብሼ «ጎንበስ ብለህ ጫማህን ንካ» እላለሁ፤ ወገቡ ከተራቆተ ሌላ ቁጥር። አንድ የቀዶ ሐኪም «ቀጭን ጓንት ነው የምፈልገው፣ እኔ እጄን አውቃለሁ» ብሎ ሞገተኝ። ቤሪት ጎረቤታችን ዓሣ አከፋፋይ ማቀዝቀዣ ክፍል ወስዳ አስገባችው። እኔ ወለሉ ላይ አንድ ሳንቲም ጣልኩለት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያ የሰው ሆድ ከፍቶ የሚዘጋ እጅ ሳንቲሙን ማንሣት አቃተው። ወፍራሙን ጓንት ይዞ ሄደ፤ ሲመለስም አበባ አመጣልኝ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን የማይታየው ነው። ወደ ዋልታ የሚሄድ ልብስ የኛን አገር ዘር ይዞ መሄድ የለበትም። አንዲት የሣር ፍሬ እዚያ ከበቀለች ጣጣ ናት። ስለዚህ ያንን ቸርርር እያለ የሚላቀቀውን ማያያዣ በወረንጦ እለቅማለሁ፤ የቦቱን ሶል በመርፌ እፈለፍላለሁ፤ ኪሱን ገልብጬ በአቧራ መሳቢያው ማሽን ጠባብ አፍ እስባለሁ። በቀን አሥራ ሁለት ጃኬት የለቀመ ጎበዝ ይባላል፣ እኔም ጎበዝ ነበርኩ። ቤሪት ለቅሜ የጨረስኩትን በአጉሊ መነጽር ታየው ነበር። በሦስተኛው ዓመት መነጽሩን ለኔ ሰጠችኝና ማየት አቆመች።

ቤሪት ልማዷ ብዙ ነው። መንገደኛ ሻንጣውን እንዲያመጣ ታደርግና ፊት ለፊቱ ትከፍተዋለች። ከያዘው ሲሶውን ታወጣና «ይህ ቦታ የመመለሻህ ነው» ትለዋለች። ሰው ሙሉ ሻንጣ ይዞ ሄዶ የሚያመጣበት ቦታ ሲያጣ አይታ ስለተቃጠለች ነው። ደግሞም እንዳይሳሳት ትነግረዋለች። ከዚያ ድንጋይ፣ አጥንት፣ ላባ፣ የድሮ አዳኞች የጣሉት እንጨትና ምስማር ሳይቀር አይነሣም፤ ክልክል ነው። ቢሆንም ሰው አያስችለውም። አንዲት እመቤት በካልሲዋ ውስጥ የጥፍር ያህል ጠጠር ደብቃ መጣች። ቤሪት ጠጠሯን በፖስታ ለመርከቡ ላከችና «የነበረችበት መልሷት» ብላ ጻፈች። ለእመቤቲቱ ደግሞ የቴምብሩን ዋጋ አስከፈለቻት።

ጃኬት ሲመለስ እያንዳንዱ ኪስ ውስጥ እጇን እያስገባች በሹክሹክታ ትቆጥራለች፤ ስምንት ኪስ ነው። የተገኘው ሁሉ በቡናማ ፖስታ ይታሸጋል፤ ስምና የመርከቡ ስም ይጻፍበታል፤ መደርደሪያ ላይ አንድ ዓመት ይቀመጣል። የመርከቡ የወረቀት መሐረብ፣ ባለ ማኅተም ፖስት ካርድ፣ የተበላ ቸኮሌት መጠቅለያ፣ ሁሉም ይታሸጋል። «መሐረቡን እንኳ ልጣለው?» አልኳት አንድ ቀን። «ማን ጋ ተቀምጦ አፉን እንደጠረገበት ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኳትም። ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ዕቃውን ኪሱ ውስጥ ቢረሳ አይደነግጥም፤ እነቤሪት ጋ ነው ይላል።

አሁን የወደቅሁበትን ልናገር። የሠራሁትን ብቻ ተናግሬ ይህን ብተወው ውሸታም እሆናለሁ።

መምህር ተፈራ ከጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ነቀምት ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ያን ጊዜ ልባቸው ደክሞ ሮመን አጠገብ ባለ ሲኬየም፣ ማለት የአረጋውያን መጦሪያ ገብተው ነበር። ልጃቸው ሩት በስተርጅናቸው እዚሁ የተወለደች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም፤ አያቷን የማክለውን ሴትዮ «አንቺ» ትለኛለች። መጀመሪያ ጆሮዬን ያሳክከኝ ነበር፣ ኋላ ለመድኩት። በግንቦት አንድ ቀን መጋዘናችን ዘላ ገባች።

«እትዬ አስናቀች፣ ሶመርዮብ አገኘሁ! መርከብ ላይ! ስቫልባርድ!»

«የበጋ ሥራ? ምን ልትሠሪ?»

«ካቢን ማጽዳት፣ ምግብ ማቅረብ። ግን መርከቡ ሲቆም እኔም በጀልባ እወርዳለሁ። ልብስ ስጪኝ፣ አንቺ ነሽ የምታለብሺኝ።»

ኩራቴን አትጠይቁኝ። ከኛ ልጆች ወደዚያ የምትሄደውን የመጀመሪያዋን የማለብስ እኔ! ምርጡን ጃኬት አወጣሁላት፤ ስፌቱን ሁለቴ መረመርኩ፤ ዚፑን በሻማ አሸሁት። ሻንጣዋን ከፍቼ ሦስት ጅንስ ሱሪና አንድ የፀጉር ማድረቂያ አወጣሁ።

«ናይ፣ አይሆንም እትዬ! ጅንሱን ተይልኝ!»

«አልተውም። ጅንስ እዚያ ከረጠበ ቆርቆሮ ነው። ይህ ቦታ የመመለሻሽ ነው።»

«ግን ድንጋይ አይነሣም፣ ላባ አይነሣም ትያለሽ። ታዲያ በምን ልሞላው?»

«ከመርከቡ ሱቅ ኮፍያ ትገዣለሽ።»

«አባዬ ኮፍያ አይደለም የጠየቀኝ።»

«ታዲያ ምን ጠየቁሽ?»

«ምስጢር ነው። ካልተሳካ ስለሚያፍር ለማንም አትንገሪ ብሎኛል።» ሳቀች። እኔም የሰው ምስጢር አልበረብርም ብዬ ተውኩት። ምነው በበረበርኩ! ስትወጣ ለባሕሩ ማቅለሽለሽ እንዲሆናት የተፈጨ ዝንጅብል በራሴ ትንሽ የአሉሚኒየም ብልቃጥ ሞልቼ ሰጠኋት።

መስከረም ላይ የመጨረሻው መርከብ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ሰኔ ድረስ የሚሄድ የለም፤ ባሕሩ ይዘጋል። ልብሱ እንደ ወትሮው በትልልቅ ከረጢት ተሰብስቦ፣ ስም ስሙ ተንጠልጥሎበት ደረሰን። የሩትን ጃኬት ለማንም አልሰጥም ብዬ ራሴ ያዝኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ስምንተኛው፣ የደረቱ ውስጠኛ ኪስ ላይ ስደርስ ብልቃጤ እጄ ገባ። ሳነሣው ውስጡ ውሃ ተንቦጫረቀ።

ከመርከብ በመጣ እርጥብ ነገር ላይ ደንብ አለን፤ ምላስ ይነካል። ጨው ካለው የባሕር ውሃ ነው፤ ልብሱ ሦስት ጊዜ ካልተለቀለቀ ጨው ዚፕ ይበላል። ቤሪት እጅጌ ስትልስ ያየ ሰው ያበደች ይመስለዋል። እኔም ክዳኑን ከፍቼ ጠብታውን ምላሴ ላይ አደረግኩ። ጨው የለውም። የዝንጅብል ሽታም የለውም። አሃ፣ ሩት ብልቃጤን አጥባ፣ ማድረቁን ትታ፣ ከነውሃው ኪሷ ውስጥ ከታዋለች አልኩ። መታጠቢያው ላይ ደፋሁት።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበር። ግን የኛ ሰው ነኛ! እኛ ዘንድ ከጎረቤት የመጣ ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ቢያንስ እፍኝ ቆሎ ይደረግበታል። ይህቺ ልጅ ዕቃዬን ባዶውን መለሰች፤ የፈረንጅ አገር ልጅ ማን አስተምሯት ታውቃለች፣ እኔው ሞልቼ በመስጠት ላስተምራት እንጂ፣ አልኩ። ብልቃጡን ቤት ወስጄ እስከ አፉ ድረስ ሚጥሚጣ ጠቀጠቅሁበት። በጨርቅ ጠቅልዬ በክር አሰርኩት። ቡናማው ፖስታስ? የራሴ ዕቃ ነው ብዬ ዘለልኩት። በዚያ ሁሉ ዓመት ፖስታ የዘለልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ጸሎት ቤት ሩትን አገኘኋት። «ብልቃጡን ኪስሽ ውስጥ ረስተሽ፤ እንቺ» አልኳት። ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አውቅ ነበር! አንቺ ጋ እንደማይጠፋ አውቅ ነበር! ነገ ልመጣልሽ ነበር እኮ!» ብላ ግራና ቀኝ ጉንጬን ሳመችኝ። ለሚጥሚጣ ይህን ያህል? አልኩ በልቤ። መርከብ ላይ የሚበሉት አልጫ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ሰኞ ከሰዓት የመጋዘኑ በር ተከፈተና ሩት ገባች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ብልቃጡን ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገችው።

«ውሃው የታል?»

«የምን ውሃ?»

«የአባዬ ውሃ!»

ያን ጊዜ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። አባቷ በወጣትነታቸው አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ፣ ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው የበረዶ ተራራ ጨው የለውም፣ ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ ነው ይላሉ። ጫልቱ የምትባል ተማሪ ብድግ ብላ «መምህር፣ ቀምሰውታል?» አለቻቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ተፈራ መጽሐፉ ይላል እንዳይሉ አፈሩ፣ ቀምሻለሁ እንዳይሉ ውሸት ነው። ተቀመጪ እንኳ ሳይሏት፣ እሷም እንደቆመች ደወል ተደወለ። ጫልቱ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት። በየዓመት በዓሉ ከነቀምት ትደውላለች፤ ጤናቸውን ትጠይቅና መጨረሻ ላይ «እና መምህር፣ ቀመሱት?» ትላቸዋለች። ይሳሳቃሉ። ሳቁ ግን አባቷን እንደሚወጋቸው ሩት ታውቃለች። ልባቸው ሲደክም «ከመሄዴ በፊት እሱን ነገር ብቀምሰው» አሏት። እሷም፣ በረዶ ማንሣት አይከለከልምና፣ ጀልባ ላይ ሆና ከሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ስባሪ አንሥታ፣ ብልቃጤን በፈላ ውሃ አጥባ፣ አድርቃ፣ በረዶውን ከታ አምጥታላቸዋለች። ወደብ ላይ ልብሱን በጥድፊያ ሲሰበስቡባት ኪሷ ውስጥ ቀረ። አልደነገጠችም፤ እትዬ አስናቀች ጋ ነው ብላ።

«ትናንት ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቀኝ» አለችኝ። «ብርጭቆ አስመጣ። ከፍቼ ስገለብጠው ቀይ ዱቄት ወረደ። አባዬ አየው፣ አየውና ‹ሩትዬ፣ ስቫልባርድ ሚጥሚጣ ይበቅላል እንዴ?› አለኝ። እኔ እንዳላለቅስ ሳቀልኝ። ከዚያ ደክሞኛል ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰው የዕድሜ ልክ ጥያቄ በእጄ መታጠቢያ ላይ ደፍቻለሁ። መልሶ የሚያመጣው መርከብ የለም፤ እስከ ሰኔ ደግሞ ለሳቸው ልብ ማን ዋስ ይሆናል?

ሩት እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። «ከቧንቧ እንሙላው» አለችኝ።

«ምን?»

«የቧንቧ ውሃ። ተመሳሳይ ሌላ ብልቃጥ ነበር፣ ተቀያይሮ ነው እለዋለሁ። ያው ጨው የለው። እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው። ይቅመስና ደስ ይበለው፣ በቃ!»

እውነቱን ልናገር፤ ሚጥሚጣውን አጠብኩና ብልቃጡን ቧንቧው ሥር ያዝኩት። ከፈትኩት። ቤሪት ከወዲያ ማዶ ታየን ነበር። አማርኛ አትችልም፤ የኔን ፊት ግን ታነባለች። መጥታ «ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። ቧንቧውን ዘጋችው፤ ሄዳ ካፖርቴን ከመስቀያው አወረደችና እጅጌውን ዘርግታ ያዘችልኝ። ይህም ልማዷ ነው፤ ያበላሸ ሰው ያንኑ ቀን፣ በእግሩ ሄዶ ይናገራል። ደብዳቤ አይሆንም፣ ስልክ አይሆንም። ስንቱን ሠራተኛ እንዲህ ካፖርት አልብሳ ስትሸኝ አይቻለሁ፤ እኔን ስታለብስ ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ለበስኩ።

እኔና ሩት ከሊንደሩድ ባቡር ይዘን ወደ ሮመን ሄድን። እሷ በኔም ተናዳለች፣ በቤሪትም ተናዳለች። እኔ የምለውን በልቤ እየደጋገምኩ ነበር፤ አንዱም አልጣመኝም።

መምህር ተፈራ ወንበራቸው ላይ ተደግፈው መስኮት ያያሉ። እጅ ነሣሁ፤ መቀመጫ አሳዩኝ። አልተቀመጥኩም።

«መምህር፣ ውሃውን የደፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውቄያለሁ፣ ወይዘሮ አስናቀች» አሉኝ። «ዕቃ ባዶውን የማይመልስ የኛ ሰው መሆኑን ሚጥሚጣው ነግሮኛል። ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ይቆጡኝ።»

«በምን አቅሜ? ይልቅ አንድ ነገር ይንገሩኝ። እርስዎ ጥንቁቅ ሰው ነዎት፣ ሩት ስለ ፖስታዎቹ አጫውታኛለች። እንዴት ደፉት?»

«ተራ ውሃ መስሎኝ ነዋ።»

«ምኑን አይተው?» አስተማሪ እኮ አስተማሪ ነው። «በዓይን ተራውና የባሕሩ አይለይም።»

«በዓይን አይደለም፣ ቀምሼው ነው እንጂ!» አልኩ።

መምህር ተፈራ ከተደገፉበት ቀና አሉ። ሩት ወደኔ ዞረች። እኔ እስካሁን የሚታየኝ የደፋው እጄ ነበር እንጂ ምላሴ ትዝም አላለኝ።

«ምን አሉኝ?»

«ቀመስኩት። የቤታችን ደንብ ነው።»

«እና?»

«ጨው የለውም።»

«ምንም?»

«ምንም! ቅንጣት ጨው ቢኖረው የባሕር ውሃ ነው፣ የሰው መታሰቢያ ነው ብዬ አስቀምጠው ነበር። ስላልነበረው እኮ ነው ጉድ የሆንኩት።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ አሰቡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «በራሴ ምላስ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። አልሸነገሉኝም፤ ስለዚህም አከበርኳቸው። ዓይኔ እንባ ሞላ። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ዞሩና «ሩትዬ፣ ነቀምት ደውዪልኝ» አሉ።

ሩት የስልክ ካርዱን ፍቃ ቁጥሩን መታች። ብዙ ጠራ። ሲነሣ ሰላምታው ረዘመ፤ የልጆቹ፣ የዝናሙ፣ የጤናው። ከዚያ መምህር ተፈራ ፊታቸው ኮስተር አለና «አይ፣ እኔ አልቀመስኩም። ምስክር ግን አለኝ» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ድምፅዋ ወፍራም፣ መጠየቅ የለመደባት የምትመስል ሴት ናት።

«ማን ልበል?»

«አስናቀች እባላለሁ። ኦስሎ የዋልታ ልብስ አጣቢ ነኝ።»

«እና የበረዶውን ውሃ ቀምሰውታል?»

«ቀምሻለሁ። ጨው የለውም።»

«መምህርን ደስ ለማሰኘት እንዳይሆን፣ እማማ።»

ንዴቴ መጣ። «እመቤት፣ እኔ ጨው አለው የለውም ማለት እንጀራዬ ነው! ጨው አጥቼበት የደፋሁት ሴት ነኝ። የሰውዬውን ውሃ ደፍቼ፣ አሳዝኛቸው፣ አፍሬ ፊታቸው ቆሜያለሁ። ጨው ቢኖረው ኖሮ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ነበር!»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። «መምህርን ይስጡልኝ።»

ሰጠኋቸው። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ ብዙም አላወራችም። መምህር ተፈራ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡ። ሩት ክንዴን ያዘችኝ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ክፍል ሙሉ ተማሪ በሚሰማው ድምፅ፦

«ጎሽ፣ ጫልቱ» አሏት። «በይ አሁን ተቀመጪ።»